አንድ ሠርግ፣ ሁለት የሥራ መዝገብ

የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ ላይ አንድ ቁጥር አለ። በዓለም ዙሪያ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 54 ዓመት ከሆኑ ባለትዳር ወንዶች መካከል ከመቶ 96ቱ ሥራ ላይ ናቸው፣ ወይም ሥራ እየፈለጉ ነው። በዚያው ዕድሜ ካሉ ባለትዳር ሴቶች ግን ይህ ሊባልላቸው የሚችለው ከግማሽ ጥቂት ከፍ የሚሉት ብቻ ናቸው። ያላገቡ ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ይደርሳሉ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሠርግ በተጠራሁ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያው ይሄድብኛል። በአንድ ድንኳን ሥር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል ኪዳን ሁለት ሰዎች ይጋባሉ። ከዚያ በኋላ ግን የእሱ የሥራ መዝገብ ወደ ላይ፣ የእሷ ወደ ታች ይሄዳል።

እዚህ ጅማ ሆኜ ይህን ለማየት ዘገባ አያስፈልገኝም ነበር። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የግል ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ ስለ ሒሳብ የተጠየቅሁት ጥቂት ነበር። «ባለትዳር ነሽ?» አሉኝ፤ ነኝ አልኩ። «ልጅስ?» አሉኝ፤ ገና ነው አልኩ። «ታዲያ መቼ አስባችኋል?» አሉኝ። ቦታውን አላገኘሁትም። በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተወዳድሮ ሲመለስ ፈገግ እያለ የነገረኝ፣ ጠያቂው ሰውዬ ቅጹን አንብበው «ባለትዳር መሆንህ ጥሩ ነው፤ የተረጋጋ ሰው ነው የምንፈልገው» እንዳሉት ነው። እሱ ተቀጠረ። ለእሱ ትዳሩ ዋስ ሆነለት፤ የእኔ ትዳር ግን ተከሳሽ አደረገኝ።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ግዴታዬ ነው። ያገቡትን ካላገቡት ጋር ዝም ብሎ ማነጻጸር ያሳስታል። ካላገቡት ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ባል ከሞተባቸው ብዙዎቹ ደግሞ አረጋውያን ናቸው። ዕድሜው ከ25 እስከ 54 ተብሎ የታጠረው ለዚህ ነው፤ ትምህርትም ጡረታም ሥዕሉን እንዳያበላሹት። ሁለተኛው ጥንቃቄ የቅደም ተከተል ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ወገን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ልጁ ምን ይሠራል?» ብሎ ነው። ሥራ ያልያዘ ወንድ እንዲጠብቅ ይነገረዋል። ስለዚህ ከመቶ 96 ከሚለው የወንዶች ቁጥር ውስጥ አንዱ ክፍል ትዳር ያመጣው ሥራ ሳይሆን ሥራ ያመጣው ትዳር ነው። ስለ ልጅቷ የሚጠየቀው ግን የማን ልጅ እንደሆነች ነው። ሥራ ቢኖራት ጥሩ፣ ባይኖራትም ሠርጉ አይቀርም። ይህን ሁሉ ቀንሼ ሳየውም ልዩነቱ አይጠፋም፤ ሰፊ ሆኖ ይቀራል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጋሪ ቤከር ይህን ያስረዱት በሥራ ክፍፍል ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ሲሠሩ አንዱ በገበያው፣ ሌላው በቤቱ ቢካን ሁለቱም ይጠቀማሉ ይላሉ። ክፍፍል ጠቃሚ ነው መባሉን እቀበላለሁ። ግን በየአገሩ፣ በየቤቱ፣ በየትውልዱ ቤት የምትቀረው ያችው አንዷ የሆነችው ለምንድን ነው? የእጅ መቅለል ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በአንዳንድ መንደር ይገለበጥ ነበር። እኔ የማየው ከክፍፍሉ ጀርባ የቆመ ሕግና ልማድ ነው፤ ሕጉ ደግሞ በቀን የተመዘገበ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙት ክላውዲያ ጎልዲን የአሜሪካን መዛግብት አገላብጠው እንዳሳዩት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ የትምህርት ቦርዶችና ቢሮዎች ያገባች ሴት አይቀጥሩም ነበር፤ ተቀጥራ ካገባችም ያሰናብቷታል። አየርላንድ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች ሴት ባገባች ዕለት ሥራዋን መልቀቅ ነበረባት፤ ይህ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። አውስትራሊያ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ የነበረውን ተመሳሳይ ክልከላ ያነሣችው በ1966 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እስከ 1965 ድረስ ባል የሚስቱን ሥራ መቃወም ይችል ነበር። ምዕራብ ጀርመን ደግሞ እስከ 1977 ድረስ ሚስት ውጭ መሥራት የምትችለው ከትዳርና ከቤተሰብ ግዴታዋ ጋር የሚስማማ ሲሆን ብቻ እንደሆነ በሕጓ ጽፋ ቆይታለች። ዛሬ እንደ ምሳሌ የሚጠቀሱልን አገሮች ናቸው እነዚህ። አስተማሪዎቹ፣ ጸሐፊዎቹ፣ ስልክ ኦፕሬተሮቹ ሰነፍ ስለነበሩ አይደለም የወጡት፤ በደብዳቤ ነው የተሰናበቱት።

የእኛም መጽሐፍ ይገለጥ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገዋል። አንቀጽ 645 ደግሞ አንደኛው ተጋቢ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል የሌላውን ሥራ ሊቃወም እንደሚችል ይደነግጋል። ቃሉ ለሁለቱም የተጻፈ ይመስላል፤ ነገር ግን የበላይነቱ ለባል በተሰጠበት መጽሐፍ ውስጥ ተቃውሞው በማን እጅ እንደሚሠራ ግልጽ ነው። የሚቀጥለው አንቀጽ 646 ይበልጥ ይገርመኛል። ባል ለሚስቱ የቤት ሠራተኛ ለመቅጠር የማይችል ከሆነ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳታል። የቤት ሥራ የማን እንደሆነ በሕግ ቁጥር ተሰጥቶት ነበር ማለት ነው። እናቴ ያገባችው ይህ ሕግ በሚሠራበት ዘመን ነው። አንቀጹን ፈጽሞ ሰምታው አታውቅም፤ የኖረችው ግን ፊደል በፊደል እንደተጻፈው ነው።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ሥልጣን አስወገደ፤ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ ለሴቶችም 18 ዓመት አደረገ፤ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይተዳደር አዘዘ። ሕጉ በአንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ አልተዳረሰም። መጀመሪያ የደረሰው ሁለቱን የከተማ አስተዳደሮችና በጊዜው ከነበሩት ዘጠኝ ክልሎች ሦስቱን ነው። ይህ የመዘግየት ነገር ለተመራማሪዎች መልካም አጋጣሚ ሆነላቸው። ሕጉ የደረሰባቸውንና ያልደረሰባቸውን አካባቢዎች ከለውጡ በፊትና ከአምስት ዓመት በኋላ በተሰበሰበ የቤት ለቤት መረጃ አነጻጸሩ። ሕጉ በደረሰባቸው ቦታዎች ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ፣ ክፍያ ባለው፣ ሙሉ ጊዜ በሆነና ትምህርት በሚጠይቅ ሥራ ላይ የመገኘታቸው ዕድል ከሌላው ቦታ ይልቅ ጨምሮ ተገኘ። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አንድ የፈቃድ አንቀጽ ከመጽሐፍ መፋቁ የሰዎችን ማለዳ ይለውጣል፤ እነዚያ ሴቶች ጠዋት ወጥተው የሄዱበት ቦታ ተለውጧል።

ሕግ የማይደርስበት ግን ብዙ ነው። ሕንድ ውስጥ ሴት ባገባች ጊዜ በሥራ ላይ የመገኘት ምጣኔዋ ልጅ ከመውለዷ በፊት እንኳ በ12 የመቶኛ ነጥብ ያህል እንደሚወርድ የዓለም ባንክ ጥናት አሳይቷል። ልጅ ሳይመጣ የወረደ ነውና ጡት ማጥባት ነው፣ እርግዝና ነው ሊባል አይችልም። የወረደው በሠርጉ ነው፤ አማት፣ አማች፣ ባል፣ ጎረቤት ከአዲሷ ሚስት በሚጠብቁት ነገር። ግብፅ ውስጥ ደግሞ ሴቶች ሲያገቡ የግሉን ዘርፍ ቅጥር ይለቃሉ፣ የመንግሥቱን ግን ብዙዎቹ ይዘው ይቆያሉ። የመንግሥት ሥራ ሰዓቱ የታወቀ፣ የወሊድ ፈቃዱ የማያስፈራ፣ ስምን የማያስነሣ ነው። ያችው ሴት፣ ያው ትዳር፣ አሠሪው ሲለወጥ ውሳኔዋ ይለወጣል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የግብፁ ነው፤ ጥያቄውን ከሴቲቱ ፈቃደኝነት አንሥቶ ወደ ሥራው አኳኋን ያዞረዋልና።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ሥዕሉ ይገለበጣል። ዮርዳኖስ ውስጥ በሥራ ገበያ ያሉ ሴቶች ከመቶ 15 ገደማ ሲሆኑ፣ በታንዛንያና በማዳጋስካር ከአሥር ሴቶች ስምንቱ አካባቢ ናቸው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች በባለትዳርና ባላገባች ሴት መካከል ያለው ልዩነትም ከሌላው ዓለም ይልቅ ጠባብ ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሄንሪክ ክሌቨንና ባልደረቦቻቸው 134 አገሮችን አይተው እንደደረሱበት፣ በደሃ አገሮች ልጅ መውለድ ሴትን ከሥራ ብዙም አያወጣትም፤ አገር በበለጸገ ቁጥር፣ ሥራ ከእርሻ ወደ ደመወዝ በተሻገረ ቁጥር ግን የልጅ ዋጋ በእናት ላይ እየከበደ ይሄዳል። ይህን የሰማ ሰው እኛ ከዮርዳኖስ በጣም የተሻልን ነን ሊል ይችላል። እኔ እንዲህ ከመባሉ በፊት ሥራ ተብሎ የተቆጠረው ምን እንደሆነ ይታይ እላለሁ።

በቆጠራው ደንብ ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ ላይ እንዳለ ይመዘገባል። በቤተሰብ እርሻ ወይም ንግድ ላይ ያለ ክፍያ የሚያግዝም ይገባበታል። ከጅማ ወጣ ብለን ወደ ማና፣ ወደ ጎማ ወይም ወደ ሊሙ እንሂድ። በጥቅምትና በኅዳር ቀዩን እሸት ቡና ከዛፉ የምትለቅመው በአብዛኛው ሚስት ናት፤ ልጆቿም ከኋላዋ ናቸው። የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ የምታሰጣው፣ ከሰዓት ሰዓት የምታገላብጠው፣ ዳመና ሲጠቁር ሮጣ የምትሸፍነው፣ የተበላሸውን ፍሬ የምትለየው እሷ ናት። ሲደርቅ ማዳበሪያው ይሞላል፣ ይሰፋል፣ በአህያ ወይም በባጃጅ ይጫናል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ የባልየው ነው። ሚዛኑ ፊት የሚቆመው፣ ዋጋ የሚከራከረው፣ ብሩን የሚቆጥረው እሱ ነው። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም ሥራ አላቸው። እሱ «የራሱን ሥራ የሚሠራ»፣ እሷ «ያለ ክፍያ የቤተሰብ ሠራተኛ» ተብለው ተጽፈዋል፤ በምጣኔው ላይ እኩል አንድ አንድ ነጥብ ይጨምራሉ።

በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ያሳለፈው ውሳኔ አለ። ለቤት ፍጆታ ብቻ የሚመረት ምርት ከእንግዲህ ሥራ ነው፣ ቅጥር ግን አይደለም ተባለ። ስለዚህ ለገበያ የሚሄደው ቡና ያስቆጥራታል፤ ለልጆቿ ጉሮሮ የምትቆፍረው ጎደሬ፣ የምትፍቀው እንሰት፣ የምትኮተኩተው ጎመን አያስቆጥራትም። ለባለሙያዎቹ በቂ ምክንያት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ለሥራ ፖሊሲ ገቢ ያለውን ከሌለው መለየት ይጠቅማል። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ ያችው ሴት አንድም ቀን ሳታርፍ፣ ደንብ ሲለወጥ ብቻ ከሠራተኛነት ወደ ሥራ አልባነት ልትሻገር ትችላለች። አገርን ከአገር፣ ዘመንን ከዘመን የሚያነጻጽር ሁሉ በየትኛው ደንብ እንደተቆጠረ አስቀድሞ ይጠይቅ።

እኔ መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ብሩ በማን እጅ ገባ? የሥራ ምጣኔ ይህን አይነግረኝም። የማና ሚስት ምጣኔ ከስዊድን ሚስት ምጣኔ ጋር ቢስተካከል እንኳ፣ አንዷ በስሟ የባንክ ደብተር አላት፣ ሌላዋ ለጨው መግዣ ታስፈቅዳለች።

በከተማው ደግሞ ሌላ ተቆጣሪ አለች። በጅማ ባንክ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ባለትዳር ሴት ጠዋት ከቤት የምትወጣው ሌላ ሰው ቤቷ ስለገባ ነው። ዕድለኛዋ እናቷን ወይም አማቷን ከአጋሮ ታስመጣለች። የቀረነው ከገጠር የመጣች፣ ያላገባች፣ አንዳንዴ ገና ልጅ የሆነች ሠራተኛ እንቀጥራለን። የእኔ ሁለት ልጆች ያደጉት በእንደዚህ ያሉ ልጆች እጅ ነው። በመዝገቡ ላይ እኔ «ያገባች፣ ሥራ ያላት» ነኝ፤ እሷ «ያላገባች፣ ሥራ ያላት» ናት። ሁለታችንም የሴቶችን ምጣኔ ከፍ አድርገናል። የእኔን ቅጥር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይጠብቀዋል፤ የእሷን ግን ያ አዋጅ አይሸፍነውም፤ የቤት ውስጥ ሥራ ከወሰኑ ውጭ ቀርቷል። ወንዱ ከቤቱ ሥራ ምንም ሳያነሣ፣ ሸክሙ ከአንዷ ሴት ጫንቃ ወደ ሌላዋ ተላልፏል። ስለዚህ «ባለትዳር ሴቶች በከተማ እየሠሩ ነው» የሚለውን መልካም ዜና ስሰማ የእነዚያ ልጆች ደመወዝና የእረፍት ቀን አብሮ እንዲነገር እፈልጋለሁ።

ከትዳር የወጡትስ? በብዙ አገሮች የተፋታች ሴት ካገባችው ይልቅ በሥራ ላይ ትገኛለች። ይህ ነፃነት ተደርጎ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ እውነትም አለበት። አክስቴ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ሌሊት አሥር ሰዓት ትነሣለች። አንድ ቀን «እትዬ፣ አሁን ይሻልሻል አይደል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ባል በነበረኝ ጊዜ ገበያ የምወጣው እሱን አስፈቅጄ ነበር፤ አሁን የሚያዘኝ የቤት ኪራዩ ነው» አለችኝ። ገንዘቡ ግን የራሷ ነው፤ ለማን እንደምትሰጠው፣ ለምን እንደምታስቀምጠው የምትወስነው እሷ ናት፤ ይህንን ማንም መልሶ እንዲወስድባት እንደማትፈልግ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ከዚያ የሚያሳዝነኝ ይህን ገንዘብ ለመያዝ ትዳሯ መፍረስ ነበረበት መባሉ ነው። በትዳር ውስጥ ሆና ለምን አልቻለችም?

የሚቻል መሆኑን ያሳዩ አገሮች አሉ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1971 ባልና ሚስት በየግላቸው ግብር እንዲከፍሉ አደረገች፤ ከዚያ በፊት የሚስት ደመወዝ በባሏ ላይ ተደምሮ ከፍ ባለው ምጣኔ ይቀረጥ ስለነበር ብዙዎች መሥራቱ አያዋጣም ይሉ ነበር። በ1974 የወሊድ ፈቃዱን ለአባትም ከፈተች። የካናዳዋ ኩቤክ በ1997 በቀን አምስት ዶላር የሚከፈልበት የሕፃናት ማቆያ ጀመረች፤ ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ባለትዳር እናቶች ወደ ሥራ ገቡ። ጀርመን ግን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተጋቢዎችን ገቢ ደምራ ለሁለት ከፍላ ትቀርጣለች፤ ይህ አነስተኛ ደመወዝ ያላትን ሚስት ሥራዋን እንድትቀንስ እንደሚገፋ በየጊዜው ይተቻል። ሆላንድ ውስጥ ሴቶች በብዛት ይሠራሉ፣ ከሚሠሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን የትርፍ ሰዓት ሳይሆን የጎደለ ሰዓት፣ ማለትም ከሙሉ ጊዜ ያነሰ ሥራ ላይ ናቸው።

ኢትዮጵያ በግብር በኩል ከጀርመን የተሻለች ናት፤ የደመወዝ ግብር የሚሰላው በየሠራተኛው እንጂ በባልና ሚስት ድምር አይደለም። እንቅፋታችን ሌላ ነው። አዋጁ ለእናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ይሰጣታል። ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። በዚህ ስሌት አሠሪው ቃለ መጠይቅ ላይ ሴቲቱን «መቼ አስባችኋል?» ማለቱ፣ ወንድሜን ደግሞ አለመጠየቁ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አዋጁ በጋብቻና በእርግዝና ምክንያት ማሰናበትን ከልክሏል፤ ከመቀጠር በፊት በር ላይ ስለምትመለሰው ሴት ግን ማን ይሰማል? የአባት ፈቃድ ሦስት ሳምንት ወይም ሦስት ወር ቢሆን ያ ጥያቄ ለወንዱም መቅረብ ይጀምራል፤ ለሁለቱም ከቀረበ ደግሞ አንዱን ለመጣል አያገለግልም።

የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ወጣት ሴቶች ተስፋ አድርገው ነበር። በከተማው መጋዘኖች ቡና የሚለቅሙና የሚያበጥሩ ሴቶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ሕፃን ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በቡናው አቧራ ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። ሌሎቹ አራስነታቸው ሲያበቃ አይመለሱም፤ የሚያዝሉበት ጀርባ እንጂ የሚያኖሩበት ክፍል የለምና። ከመጋዘኑ አጠገብ አንድ ንጹሕ ክፍል፣ ጥላ፣ ውኃና በቀን የምትከፈል አንዲት ጠባቂ፦ ወጪው በአንድ የኤክስፖርት ጭነት ሒሳብ ላይ ብዙም የማይታይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እንዲህ ያለ የወጪ መስመር እንዴት እንደሚመዘገብ አውቃለሁ። ቡና አዘጋጅ የሆነ፣ መጋዘን ያለው፣ ይህን ያነበበ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ስሌቱን ያለ ክፍያ እሠራለታለሁ።